እቴቴ ያላቀለጡት ቅቤ

ይህን ታሪክ ከካልሲ ካልጀመርኩ አይገባችሁም።

ልጅ ሳለሁ ቀኝ ጡቴ በጊዜው አደገ። ግራው ቀረ። እናቴ «ይደርሳል፣ አትቸኩይ» ትለኝ ነበር። ጠበቅኩት። ትምህርት ጨረስኩ፣ ሥራ ያዝኩ፤ እሱ ግን እንደ ቀረ ቀረ። ስለዚህ በጡት መያዣዬ በግራ በኩል አንድ የጥጥ ካልሲ አጣጥፌ መክተት ለመድኩ። ከእኔና ከካልሲው በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ታዲያ አንድ የስቅለት ዕለት በልደታ ደጅ ስሰግድ ውዬ ቀና ስል፣ ካልሲው መሬት ላይ ቀረ። ከኋላዬ የነበረች አንዲት ደግ ሴት አነሳችውና ትከሻዬን ነካ አድርጋ «እህቴ፣ ካልሲሽ ወድቋል» አለችኝ። ከዚያ እግሮቼን አየች። ሁለቱም ካልሲ ለብሰዋል። ሦስተኛውን ተቀብዬ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩና ስግደቴን ቀጠልኩ።

ከበዓሉ በኋላ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ሐኪም እንደሚያስተካክለው ነገርኳቸው። ኃጢአት ይሆን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ጥርሱ የጎደለ ሰው ጥርስ ያስተክል የለም ወይ?» አሉኝ። «ብቻ አትኩሪበት።»

በግራ በኩል ሲሊኮን ተደረገልኝ። አልኮራሁበትም። ሳልጎብጥ መሄድ ጀመርኩ፣ ያ በቃኝ። ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ አንድ ነገር ብቻ ነገረኝ። «ያስገባሁት ከጡትሽ ጀርባ ነው። ታጠቢያለሽ ብዬ አስባለሁ፤ እርግጡን የምናውቀው ግን ስትወልጂ ነው።» ያኔ ገና አላገባሁም ነበርና ቃሉን ሰምቼ አለፍኩት።

ሳሙኤልን ከማግባቴ በፊት ሁሉንም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ሌላ የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው እኔም ልንገርሽ፤ አንኮራፋለሁ» አለኝ።

ልጅ ቶሎ አልመጣልንም። ለልደታ ተስዬ፣ ለምኜ፣ በመጨረሻ ሴት ልጅ ሰጠችን። የወለድኩት በሚያዝያ ማለቂያ ላይ ነው። እናቴ ዐርፋ ስለነበር ሊያርሱኝ የመጡት የባሌ እናት ናቸው። እቴቴ እንላቸዋለን። ቤታቸው አብነት ነው፤ ሰንጋ ተራ አጠገብ ወዳለው ኮንዶሚኒየማችን ሲመጡ ግን ጓዛቸው ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ይመስል ነበር። አጃ፣ አብሽ፣ ቅቤ፣ ማር፣ የራሳቸው ትራስ።

እቴቴ ደግ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ አይወዱም፤ የውሸት የሆነ ነገር። የመጡ ዕለት ሳሎናችን ውስጥ ያለውን የፕላስቲክ አበባ ለግቢው ጥበቃ ሰጡት። «የማይጠወልግ ነገር ደስ አይለኝም» አሉ። ፀጉሯን ያስቀጠለች ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልትለኝ ብትመጣ፣ ምርቃቷን ተቀብለው ሲያበቁ «ይሄ የራስሽ ነው?» ብለው ጠየቋት። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ጋቢዬን እስከ አንገቴ ሳብኩ።

ለካ የሚያስፈራው ገና ነበር። ልጄ አልጠባ አለች። ትጀምራለች፣ ትንሸራተታለች፣ ታለቅሳለች፣ ደክሟት ትተኛለች። ጤና ጣቢያ ወስደን ብናስመዝናት ክብደቷ ቀንሷል። ሲስተሯ ደጋግመሽ አጥቢያት ብላ «ከነገ ወዲያ አምጧትና እንመዝናት። ካልጨመረች የጣሳ ወተት እናስጀምራታለን» አለችን። ያዋለደኝ ሐኪም ስለ ሲሊኮኑ ያውቃል፤ ለሲስተሯ ግን እቴቴ አጠገቤ ተቀምጠው ስለነበር አልነገርኳትም።

«የጣሳ ወተት» አሉ እቴቴ በመንገድ ላይ፣ ሰው የሰደባቸው ይመስል።

 በእኔ ልብ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር። ያ ቢላ የልጄን ወተት ቆርጦት ይሆን?

ማግስቱ የግንቦት ልደታ ነበር። የማታውቁት ካላችሁ፣ በዚያ ቀን ጎረቤት ሁሉ ቤቱን ትቶ ደጅ ይወጣል። እህሉ ደጅ ይቀቀላል፣ ደጅ ይበላል፣ ደጅ ይመረቃል። በሰፈራችን የማርያም ስም ስላለበት ይሁን አላውቅም፣ ማንም አይቀርም። አራስ ብቻ ትቀራለች። የእኔ አልጋ ከግቢው በላይ ባለው መስኮት አጠገብ ነበርና ሴቶቹ ትልቁን ድስት ጥደው ስንዴና ሽምብራ ሲጨምሩ ከላይ ሆኜ አያለሁ። ወደ ጤና ጣቢያ የምንሄደው በማግስቱ ጠዋት ነው። ቀኑ ያ ብቻ ነበረኝ።

ሳሙኤል ሥራ እንደሄደ እቴቴ እጃቸውን ታጥበው መጡ።

«እስቲ ጡትሽን ልየው።»

«ደህና ነው እቴቴ።»

«ስንት ልጅ ያጠባሁ ሴት ነኝ። አሳይኝ።»

ቀኙን ነኩ። «ይሄ ደህና ነው፣ ወተቱ ገና ትንሽ ነው እንጂ» አሉ። ግራውን ነኩ። እጃቸው ቆመ። ጫን አደረጉት። መልሶ ገፋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እንደገና ጫኑት፣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው፣ የሚያዳምጡት ነገር ያለ ይመስል።

«እዚህ ውስጥ አንድ ነገር አለ» አሉ።

ጋቢዬን ሳብኩ። «ምን?»

«ቅቤ።»

«ምን?»

«ወተቱ ቆይቶ ቆይቶ ረግቷል። ከእርጎም አልፏል። ድቡልቡል ቅቤ ሆኖ ተቀምጧል። ታዲያ ልጅቷ በምን አቅሟ ትሳበው?»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብሽ ትሉኝ ይሆናል። አፌንማ ከፍቼ ነበር። እሳቸው ግን ውሃ ሊያሞቁ ወጥተዋል።

ፎጣ በሙቅ ውሃ እየነከሩ፣ እየጨመቁ፣ ግራ ጡቴ ላይ ያስቀምጡ ጀመር። ከዚያ ማሸት። ቅቤው ወደ ጫፉ እንዲወርድ ከጀርባ ወደ ፊት ይገፉታል። ሲገፉት ይሄዳል፤ ሲለቁት ቦታው ይመለሳል።

«ይሄ ደግሞ ምን ዓይነቱ ነው?» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «የሸኖ ቅቤ እንኳን እንዲህ አያስቸግርም።»

«እቴቴ፣ ይበቃ ይሆናል።»

«አይበቃም። ለስለስ እያለ ነው።»

ለስለስ እያለ አልነበረም። እንዲያውም ጡቴ ከማለዳው ይልቅ ከብዷል፣ ወጥሯል፣ ያመኛል። ፎጣው በተነሳ ቁጥር ልጄን አስጠጋታለሁ። ጫፉን ትልሰዋለች፣ ትስታለች፣ ታለቅሳለች። ልቅሶዋ ከትናንቱ ቀጥኗል። ያ ነው ያስፈራኝ።

እቴቴ ስልካቸውን አነሱና ልጃቸው ጋ ደወሉ። ጆሯቸው ስለሚከብድ ሁልጊዜ ድምፁን ለቀውት ነው የሚያወሩት።

«ሳሚ፣ አትደንግጥ። የሚስትህ ጡት ውስጥ ቅቤ ተጋግሯል።»

ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉት።

«ትሰማኛለህ? በግራ በኩል። እያሸሁት ነው።»

«እማ» አለ ሳሙኤል ቀስ ብሎ። «አትጫኚው።»

«ለምን?»

«ዝም ብለሽ አትጫኚው።»

«አንተ ስለ ጡት ምን ታውቃለህ? ከተውከው ስንት ዘመንህ ነው?»

«እማ፣ እባክሽ። እሷ ትንገርሽ።»

«እሷማ አይበቃም ወይ እያለችኝ ነው፤ ወንድና አራስ ምክራቸው አንድ ነው» ብለው ዘጉት።

ከዚያ ወደ ኩሽና ሄደው ሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው ተመለሱ። ሊጥ እንደሚዳመጥ በጠርሙስ ሊያንከባልሉት ነው።

«በዚህ እምቢ ካለ ቅቤ አይደለም» አሉ።

«እቴቴ» አልኩ። «ቅቤ አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ሲሊኮን ነው።»

«እሱ ደግሞ ምን የሚሉት በሽታ ነው?»

ነገርኳቸው። ስለቀረው ጡት፣ ስለ ካልሲው፣ ስለ ስቅለት፣ ስለ ሐኪሙ። ብዙ አላወራሁም፤ ብዙ ማውራት አልችልበትም። ጠርሙሱን እንደ ያዙ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ካልሲ?» አሉ።

«አዎ።»

«ታዲያ እኔ ከጠዋት ጀምሮ የማቀልጠው ጎማ ነው?»

«ጎማ አይደለም እቴቴ። ለስላሳ ነገር ነው።»

«ይፈነዳል?»

«አይፈነዳም።»

ቢሆንም ጠርሙሱን ቀስ አድርገው ከእኔ ራቅ ያለ ቦታ አስቀመጡት። 

«ይጠወልጋል?»

«አይጠወልግም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሐኪሙ የት ነው ያስገባው አልሽኝ?»

«ከጀርባ።»

ከዚያ ተነሱ። ነጠላቸውን አጣፉ፣ በሩን ዘግተው ወጡ። ደረጃውን ሲወርዱ የነጠላ ጫማቸው ድምፅ እየራቀ ሲሄድ ሰማሁት።

በመስኮቱ አየሁ። እቴቴ ቀጥ ብለው ወደ ድስቱ ሄዱ። ሴቶቹ ከበቧቸው። አንድ ነገር ተናገሩ። ሁሉም ጭንቅላታቸውን ወደ መካከል አስገቡ። ከዚያ አንዷ አፏን በእጇ ሸፈነች፣ ሌላዋ ቀና ብላ ወደ መስኮቴ አየች።

አለቀ አልኩ። በግንቦት ልደታ፣ ንፍሮ ፊት፣ በአንድ ጊዜ ሙሉ ብሎኩ ሰማ። ነገ አብነት ይሰማል። ሳምንት ጌጃ ሰፈር። የካልሲዋ ሴትዮም የት እንዳለች አላውቅም እንጂ እሷም ትሰማ ይሆናል።

ልጄ እቅፌ ውስጥ ነበረች። ከንፈሯ ደርቋል። ስታለቅስ ድምፅ አልነበራትም፣ አፏ ብቻ ይከፈታል። ያን ሳይ ስለ ስሜ ማሰብ ቆመልኝ። «እመቤቴ» አልኩ፣ «ስሜን ተዪው፤ እንደ ፈለጉ ያድርጉት። ለልጄ ወተት ብቻ።» ከዚህ የረዘመ ጸሎት አልነበረኝም።

በሩ ተከፈተ። እቴቴ ገቡ። ከኋላቸው በር ለበር የምንኖር ጎረቤቴ ከድጃ ልጇን ታቅፋ ገባች። የወሎ ልጅ ናት፤ እኔ ከመውለዴ ጥቂት ወራት ቀድማ ነው ወንድ የወለደችው። ኢምራን ይባላል። ክንዱ ላይ እጥፋት፣ እጥፋቱ ላይ ሌላ እጥፋት ያለው ልጅ ነው።

«ምን አልሻቸው… ማለቴ፣ ምን አሏቸው?» አልኩ። አፌ ተሳሰረ።

«ምን እላቸዋለሁ? ከእናንተ መካከል ጉልበተኛ አፍ ያለው ልጅ የማን ነው አልኳቸው። ሁሉም ይቺን ጠቆሙ።»

«ስቄ ልሞት» አለች ከድጃ። «ሲስበኝ የምጮኸውን ሁሉም ሰምተውታል ለካ።»

አፏን የሸፈነችው እሷ ነበረች።

እቴቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «የሐኪሙ ነገር ከጀርባ ከሆነ፣ ከፊት ያለው ጡት የራስሽ ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እጄ ነግሮኛል። አጋቷል፤ ጉልበተኛ አፍ ይሳብልሽ። ጥጃ ሲደክም ላም አይታማም።»

ከድጃ ግን ልጇን አላወረደችም። «እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። በእኛ ዘንድ ከእሷ ከጠባ የልጇ ወንድም ነው። ኋላ ቢጸጸቱ አይመለስም። አይጋቡም።»

እቴቴ አሰቡ። «ጭራሽ?»

«ጭራሽ።»

«ቢዋደዱም?»

«ቢዋደዱም።»

«የትኛውም ሼኽ አይፈታውም?»

«ማንም አይፈታውም።»

የእቴቴ ፊት በራ። «በአንድ ፎቅ ላይ» አሉ፣ «በር ለበር፣ አንዷ ክርስቲያን አንዱ እስላም፣ አብረው ተጫውተው ሊያድጉ…»

«እኔም ይቺ ልጅ ከተወለደች ጀምሮ እሱን ነው የማስበው» አለች ከድጃ።

ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም ተያይዘው ሳቁ፣ ከድጃ ልጇን ልትጥለው እስኪደርስ። ገና ሳምንት ያልሞላት ልጄ ትልቅ ጣጣ ከሁለት ቤት ላይ አነሳች።

«እንግዲያው ይጥባ» አሉ እቴቴ። «ይጥባና ይገላገሉ።»

ኢምራን እቅፌ ገባ። መጀመሪያ ፊቴን አየ። ከዚያ ጡቴን አየ። እንደገና ፊቴን አየ። ቤት ሊከራይ የመጣ ሰው ይመስል ነበር። ከዚያ ያዘ።

የእግር ጣቶቼ ተኮማተሩ። ሁለት ሦስቴ ሳበ፣ ምንም የለም። ለቀቀና በቁጣ አየኝ።

«በርታ የኔ ጎበዝ» አሉት እቴቴ። «ጀርባውን ተወው፤ ፊቱን ያዝ።»

ከድጃ «የምን ጀርባ?» አለች። 

እንደገና ያዘ። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ተሰማኝ፣ ከብብቴ ተነስቶ ውርር የሚል፣ እንደ መርፌ የሚወጋ፣ እንደ ሙቅ ውሃ የሚፈስ። የልጁ ጉሮሮ ተንቀሳቀሰ። ዋጠ። ደግሞ ዋጠ። ከዚያ በዛበትና ትን ብሎት ለቀቀ፤ ወተቱም ወደ ፊት ተፈናጥሮ እቴቴ ለበዓሉ ያጣፉት ነጠላ ላይ አረፈ።

እቴቴ አልጠረጉትም። ነጠላውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ልደታ ማርያም» አሉ፣ ሰው ለሰው በሚናገርበት ድምፅ።

ኢምራን ሊመለስ ተንደረደረ። «ይበቃሃል፣ ይሄ የእህትህ ነው» ብለው አነሱት። ጩኸቱ ግቢ ድረስ ተሰማ። የወጠረው ጡቴ ላላ ብሏል። ልጄን አስጠጋኋት። አፏን ከፈተች፣ ፈለገች፣ ያዘች። በዚህ ጊዜ አልተንሸራተተችም። ጉሮሮዋን አየሁ። ሦስታችንም ያንን ጉሮሮ ነበር የምናየው። ኢምራን እንኳ ዝም አለ።

እቴቴ ወደ መስኮቱ ሄዱ። «ወረደላት» አሉ ለታች። ከታች እልልታ ተመለሰ። አንዷ «በምን ወረደ እማማ?» ብላ ጮኸች።

እቴቴ አላመነቱም። «በሙቅ ጨርቅ» አሉ።

ንፍሮው ወደ እኔ ወጣ። ከሁሉም ቤት አንድ አንድ ሰው በሬ ላይ ቆሞ መረቀኝ። ሳሙኤል ከሥራ እየሮጠ ሲገባ ሚስቱ ሽምብራ ትበላለች፣ ልጁ ጠግባ ተኝታለች፣ እናቱ የነጠላቸውን ጥለት አጥበው ያሰጣሉ።

«ተናገርሽ?» አለኝ በጆሮዬ።

«ተናገርኩ።»

«ምን አለች?»

«ይፈነዳል ወይ አለችኝ… ማለቴ አሉኝ።» ያን ቀን አንቱታ ጠፋብኝ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ልጄ ተመዘነች። ጨምራለች። ጥቂት ናት፣ ግን ጨምራለች። ለሲስተሯ ይሄን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። አልገረማትም። የወጠረ ጡት ለትንሽ አፍ እንደሚከብድ ነግራ፣ አቅፌ እንዴት እንደማስጠጋት አሳየችኝ። የሰው ልጅ ከማጥባቴ በፊት ግን ሐኪም መጠየቅ እንደነበረብኝ በደንብ ተቆጣችኝ። ሲሊኮኑ ያለበት ጡት ወተቱ ከቀኙ ያንስ ይሆናል፣ አትጨነቂ፣ ሁለቱንም ስጫት አለችኝ።

«ሙቅ ጨርቅስ?» አሏት እቴቴ።

«ሙቅ ጨርቅ ጥሩ ነው እማማ።»

እቴቴ ዞረው አዩኝ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

እናቶች ሆይ፣ ከዚያ ቀን በኋላ የተለወጠው ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ጋቢዬን ከአንገቴ ላይ አወረድኩ እላችኋለሁ። ለዓመታት ሰውነቴን የምደብቀው ሰው ይፈርድብኛል ብዬ ነበር። የፈራኋቸው ሰው ግን ሲሰሙ የጠየቁኝ ለምን አደረግሽው ብለው አይደለም፤ የት ነው ያስገባው ብለው ነው። መፍረድ ሳይሆን ወተቱን መፈለግ ነበር ሐሳባቸው። ከእናንተ መካከል እንደ እኔ ቢላ የነካት ካለች፣ ለሐኪሟና ለሲስተሯ ቀድማ ትንገራቸው። ለአማቷም ብትነግር አይከፋም፤ ጠርሙሱ ሳይሞቅ ቢሆን ይመረጣል።

ልጄ በሰማንያ ቀኗ ተጠመቀች። ኢምራን ከእናቱ ጋር መጥቶ ድግሱ መካከል ተቀመጠ፤ እቴቴ ለዘመድ ሁሉ «የጡት ልጃችን ነው» እያሉ አስተዋወቁት። ያን ዕለት ከአብነት ሲመጡ በፌስታል አንድ ነገር ይዘው ነበር። ሳይናገሩ ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። የፕላስቲክ አበባ ነው።

ምስጢሬን ለማንም አልተናገሩም። ለጠየቃቸው ሁሉ ቅቤ ነው ስላሉ፣ በብሎካችን ዛሬም የእኔ ጡት ውስጥ የነበረው ቅቤ እንደሆነ ይታመናል። አዲስ የወለደች ሁሉ እቴቴን ታስጠራለች፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ።

ይህን ልጽፍ ስነሳ ፈቃዳቸውን ጠየቅኩ። 

«ጻፊው» አሉኝ። «ሌላዋ እንዳትፈራ። ካልሲውንም ጻፊው። ጎማውንም ጻፊው። ከሙቅ ጨርቁ ላይ ግን እጅሽን አንሺ።»

አንስቻለሁ እቴቴ። ልጄን ያጠባችልኝ ልደታ ናት፤ ጉልበቱ የኢምራን ነው፤ የወረደው ግን በሙቅ ጨርቅ ነው።